ብርድ ልብሱን መልሰሽ ለላክሽብኝ እህቴ

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ እንኳ መልሰሽ ልትልኪብኝ አትችዪም። የቀደሙት ፖስታቸው ሳይከፈት፣ በራስሽ እጅ ጽሑፍ «ለላኪዋ ይመለስ» ተብሎባቸው መጥተውልኛል። ስልክም ስደውል «ደህና ነኝ» ትዪና ሌላ ቃል ሳልጨምር ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ እዚሁ ዓምዴ ላይ ጻፍኩልሽ። ከሱቅሽ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ነግራኛለች፤ መጽሔቱ በመጣ ቁጥር ከደንበኞቿ ሁሉ ቀድመሽ የምታነቢው አንቺ ነሽ አሉ። የእኔን ገጽ ስትጨርሺም «ዛሬም አጋነነችው» ትያለሽ አሉ። ፀጉር ሳይኖርሽ ፀጉር ቤት መመላለስሽን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ፀጉርሽን የወሰደው መድኃኒት ትዝ አለኝ።

አንባቢዎቼ እንዲያውቁሽ የብርድ ልብሱን ነገር ልንገራቸው። ያኔ ሳትታመሚ ነው። ቤትሽ ይበርዳል ብዬ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዤልሽ መጣሁ። «አለኝ» አልሽ። እንደሌለሽ ስለማውቅ ጓዳ ስትገቢ ፍራሽሽ ሥር ሸጉጬው ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት የድሮ ባልደረባዬን አግኝቼ፣ የማን ትዳር እንደፈረሰ፣ የማን እንደታረቀ ስናወጋ አመሸን። ቤቴ ስደርስ ብርድ ልብሱ ቀድሞኝ ደርሶ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። በታክሲ ልከሽው ነበር።

በሥራሽም ያው ነሽ። ልብስ ሰፊ ሁሉ የተረፈውን ቁራጭ ያስቀራል፤ ማንም አይጠይቀውም። አንቺ ግን ቁራጩን ጠቅልለሽ ልብሱ ኪስ ውስጥ ከተሽ ለባለቤቱ ትመልሻለሽ። ቀሚሱ ኪስ ከሌለው ኪስ ትሠሪለታለሽ።

ሆስፒታልም ይህንኑ ጠባይሽን ይዘሽ ገባሽ። መድኃኒቱ በክንድሽ ጠብ ጠብ ሲል ጥርስሽ እየተንገጫገጨ፣ ነርሷ ያመጣችልሽን አንሶላ ጎንሽ ላለችው ሴትዮ አለበስሽ። ያኔም ያን ብርድ ልብስ ይዤልሽ መጥቼ ነበር። አጥፈሽ ጭኔ ላይ አስቀመጥሽልኝ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ዶክተሯ መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል፣ ዕጢው እንደገና እያደገ ነው አለችን። በማግስቱ ስመጣ አልጋሽ ባዶ ነው፤ አንሶላው ጥግ ለጥግ ተገጣጥሞ ታጥፏል። ነርሷን «አልጋውን ለሚጠቅመው ስጡት» ብለሻት ሄደሻል። አልጋ ይመለሳል እንዴ፣ እታለም? ማታ ስደውልልሽ ያልሽኝ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ያ ሁሉ ሰው ለፋብኝ፤ ሰውነቴ ግን እምቢ አለ። አሳፈርኳችሁ።»

ይህችን «አሳፈርኳችሁ» ይዤ ዶክተሯ ዘንድ ሄድኩ። ወሬ ሳልጨርስ እንደማልነሳ ታውቂኛለሽ፤ እሷም ገብቷት ወንበር ሳበችልኝ። እንዲህ ነው ነገሩ። በሕዋሶቻችን ግድግዳ ላይ አጓጓዥ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እንደ ትንንሽ ፓምፕ ናቸው። መርዝ የመሰላቸው ነገር ሲገባ ይዘው ወደ ውጭ ይጥሉታል። አንጀታችንና ጉበታችን ውስጥ ሲሆን ይጠብቁናል። የካንሰር ሕዋስም ግን ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል። የመጀመሪያው መድኃኒት ጥቂት ፓምፕ ያላቸውን ሕዋሶች ገደለ፤ ፓምፕ የበዛላቸው ተረፉ፤ የተረፉት ተባዙ። አሁን መድኃኒቱ ይገባል፣ ሥራውን ሳይጀምር ተይዞ ይወጣል። ፀጉርሽን ለመውሰድ ጊዜ አላጣም፤ ዕጢው ጋ ሲደርስ ግን ከበር ይመለሳል።

ላቦራቶሪ ወስዳም አሳየችኝ። ከዕጢሽ የተወሰዱት ሕዋሶች ላይ የሚያበራ ቀለም ጨምረውባቸዋል። ቀለሙ ውስጣቸው ቢቆይ ያበሩ ነበር። እኔ አጉሊ መነጽሩ ላይ ተደፍቼ ብጠብቅ ጨለማ ነው፤ የገባውን ሁሉ መልሰው አስወጥተውታል። ሳቄ አመለጠኝ። የላቦራቶሪው ሰውዬ ደንግጦ አየኝ። ምን ልበለው? እህቴን አገኘኋት ልበለው?

ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፤ «እህትዎ ምንም አላጠፉም። የሚገባቸውን ሁሉ አድርገዋል። ይህንን ይንገሯቸው።»

ይኸው ነገርኩሽ። ሌላም አለ። እነዚያ ፓምፖች መልኩን የማይለዩት ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ፤ ይዘው ሊያስወጡት አይችሉም። ያድናል አላለችኝም፤ እኔም አልልሽም፤ ዛሬ አላጋንንም ብያለሁ። ይሞከር፣ ዕድል አለው ነው ያለችው። በዚህ ወር የመጨረሻ ሰኞ ጠዋት ቦታ ይዛልሻለች። ካልመጣሽ ዕጢው አይጠብቀንም።

እታለም፣ ስትታከሚ እኔ ቤት የከረምሽበት ክፍል እንዳለ ነው። መቼም ስትሄጂ የኔን ዕቃ አንድ በአንድ ቦታ ቦታው መልሰሻል፤ የተዋስሽውን ነጠላ ጫማ እንኳ አጥበሽ ነው የተውሽው። አንድ ነገር ግን ረስተሻል። መጋረጃው ላይ መርፌሽን ከነክሩ ሰክተሻታል። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ክሯ ትወዛወዛለች። አልነቀልኳትም። ከአንቺ ዘንድ መጥቶ እኔ ጋ የቀረ ነገር እሷ ብቻ ናት፤ እንዳትጠፋ ብዬ መጋረጃውን ሳላጥበው ይኸው አቧራ ጠጥቷል። አንቺ ብታዪው ትሰድቢኛለሽ። ምነው በሰደብሽኝ።

ሰኞ ጠዋት መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ ካለው ወንበርሽ አጠገብ እቀመጣለሁ። ብርድ ልብሱንም ይዤ እመጣለሁ። አልፈልግም ካልሽም ችግር የለም፤ መልሺልኝ። ግን በታክሲ አይደለም። እዚያው ጎንሽ ነኝና እጅሽን ዘርግተሽ ስጪኝ።

የምትናፍቅሽ ታናሽሽ፣
ወሬኛዋ