ከጉና ግርጌ ስለተወሰዱት ትንኞች ውጤት

ለተከበሩ የትንኝ ጥናት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ ከደብረ ታቦር ወዲህ በጉና ግርጌ ያለን ገበሬዎች ስለ እርስዎ ጤንነት ሳናስብ የዋልንበት ቀን የለም፤ መሥሪያ ቤትዎ ስለ እኛ ማሰብ እስኪጀምር ድረስም በዚሁ እንቀጥላለን።

አስቀድሜ ላመስግን። ካቻምና ክረምት ባለሙያዎችዎ ቤታችን ወጥመድ ሰቅለው፣ ሌላ ቦታ እምብዛም የማትታይ ትንኝ በማግኘታቸው እጅግ ተደሰቱ። ወባ ታስተላልፍ እንደሆነ እናጣራለን ብለው ባለቤቴን ደምሴን ለቃሚ አደረጉት። ስድስት ወር ሙሉ በማለዳ እየተነሣ፣ ክንፋቸው እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ፣ በብልቃጥ ሰበሰበላችሁ። ለትንኝ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ነው።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው፦

1. ውጤቱ ለቀማው ካለቀ በሦስት ወር ይደርሳል ተብሎ ነበር። ጥናቱ ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ትንኞቹ አዲስ አበባ ማቀዝቀዣ ውስጥ በደኅና እንዳሉ በስልክ ስለተነገረን ግን ስለ እነሱ አንሰጋም።

2. ባለፈው ኅዳር ደምሴን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ወደ ቆላ ከወረደ ዓመት አልፎት ነበር። ጤና ኬላ ስወስደው ሠራተኛዋ መሠረት አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ ደጋ ናችሁ ተብሎ የወባ መመርመሪያ አይሰጠንም፤ የትንኙ ጥናት ሳያልቅ አንልክም ብለውናል» አለችኝ። የራስ ምታት ክኒን ይዘን ተመለስን። በአምስተኛው ቀን ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱልኝ። ከተማ ደሙ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ አረፈ። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ቢመጣ ይድን ነበር አለ። ሊወቅሰኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

3. አርባው እንደወጣ ባለሙያዎ ደውለው፣ ለአዲስ ዙር ለቀማ በደምሴ ምትክ ሌላ ለቃሚ እንድጠቁማቸው በትሕትና ጠየቁኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያቺ ትንኝ ገደለችው አልልም። አላውቅም። ይህንኑ እንድታውቁልን ነበር ሲለቅምላችሁ የከረመው። ናት ወይም አይደለችም በሉን፤ እስከዚያው ግን መመርመሪያውን ላኩልን።

ማቀዝቀዣዎ መብራት እንዳይጠፋበት ከልብ በመመኘት፣
ታዛዥዎ ፈንታነሽ፣ የለቃሚው ሚስት

ማስታወሻ፦ ጎረቤቴን የሺን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ያንቀጠቅጣታል። ለጤና ኬላው የላኩትን፣ በቀበሌያችን ወባ እንደሌለ የሚገልጸውን፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤዎን አልጋዋ አጠገብ ቆሜ አነበብኩላት። አልተሻላትም።