ለአምስት ቀን ሕፃን የተመታ ደወል

ሜይ 4
ባቄላ ዘራሁ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደመ። ጉልበቴ ከትናንት ይሻላል።
ከልጄ ከዙአላ ደብዳቤ መጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ቃሉን በጣቴ ካልያዝኩት ያመልጠኛል። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ ይላል። ከዩኒቨርሲቲ በኋላ ሌላ ሦስት ዓመት የመጋቢነት ትምህርት... የቀረው የልምምዱ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም እዚሁ በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን። ሽማግሌዎቹ "ይሆናል" ብለው ወረቀቱን ከሞሉለት መጋቢ ነው። ካልሞሉለት የስንት ዓመት ልፋቱ ገደል ገባ።
ለጎረቤት ደስ ብሎኛል አልኩ። ደስ ብሎኛል እንዴ? መጋቢ በደጄ ሲያልፍ አውቃለሁ። ሲገባ አላውቅም።

ሜይ 12
መጣ። ከስቷል። አንድ ሻንጣ መጽሐፍ፣ አንድ ሸሚዝ።
"እማ፣ አሁንም የትንባሆ ጭስ የገባበትን ውሃሽን ትጎነጫለሽ?"
"ጌታህ ስለ ትንባሆ የተናገረበትን ምዕራፍ አሳየኝና እተወዋለሁ።"
ሳቀ። የሟች አባቱ ሳቅ።

ሜይ 18
ሰበከ። ሽማግሌው ፑ ዳርካማ በሩ ላይ ያዙኝ። "የዙአላ እናት፣ ልጅሽ ጥሩ ይሰብካል። ብቻ ትንሽ ረዘመ።"
"እርስዎ ተኝተው አልነበር? መርዘሙን ማን ነገረዎት?"
ምሳ ላይ ዙአላ ጠየቀኝ፤ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጪው? ነገርኩት። ለምን ነገርኩት? ሠላሳ ዓመት የዋጥኩትን...
ከእሱ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ዘጠኝ ቀን ኖረች። እዚህ የጨቅላ ሞት ሞት አይባልም። ደወል የለ፣ ለቀስተኛ የለ፣ መጋቢ የለ። አባት ከቤቱ ወለል ሥር ይቀብርና በማግስቱ እርሻ ይወርዳል። እናትም ትወርዳለች። ወተቴ ቀሚሴ ላይ እየፈሰሰ አረም ሳርም ዋልኩ።
ዙአላ ሩዙን ትቶ ተነሣ።

ጁን 9
የሩአቲ ልጅ ሞተ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን፣ የመጀመሪያ ልጇ። አምስት ቀኑ ነበር።
እኔ ቁልቁለቱ ላይ እያረምኩ ነበር። የሞት ደወል ሰማሁ። መንደሩ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሮጠ። ማን ነው? ማን ነው? ጎረምሶቹ ለመቃብሩ አካፋ፣ ሴቶቹ መግነዣ ጨርቅ ይዘው። ስንደርስ ደወሉ ሥር የቆመው ዙአላ ነው።
"የሩአቲ ልጅ አርፏል" አለ።
ጎረምሶቹ አካፋቸውን አወረዱ። ከዚያ አንዱ፣ "ለዚህ ነው እንዲህ ያስሮጥከን? ነገ ድመቴ ብትሞት ትደውልልኛለህ?" ተሳቀ። ፑ ዳርካማ ግን አልሳቁም። "በአረም ወቅት የመንደሩን ቀን አቃጠልክ። ማን ፈቀደልህ?"
አብዛኛው ተመለሰ። ዙአላ ሕፃኑን አቅፎ መቃብር ቦታው ድረስ ወጣ። ጸለየ። ቀበረ። ሩአቲና ባሏ ከኋላው።
እኔስ? ከአጥሩ ሥር ቆሜ አየሁ። አልተከተልኳቸውም።

ጁን 11
ሽማግሌዎቹ ጠሩት። "ደወሉን መምታቴ ጥፋት ነው፤ ከእንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሞት አልወጣም" ብሎ ፈርሞ እሁድ ጉባኤው ፊት ካነበበ ወረቀቱን ይሞሉለታል።
"አልፈርምም፣ እማ።"
"ትፈርማለህ።"
"አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ?"
"የነገርኩህ እንድታውቀው ነው፤ እንጀራህን እንድትደፋበት አይደለም። መፈረም ምን ያስቸግራል? ቀለም ነው። መጋቢ ሁን፣ ከዚያ ያሻህን ታደርጋለህ።"
አየኝ። የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ።

ጁን 15
ፈርሞ ጉባኤው ፊት አነበበ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ምነው በተንቀጠቀጠ...
ሩአቲ አራተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ተነሥታ ወጣች። የቀሚሷ ደረት እርጥብ ነው።

ሴፕቴምበር 14
ተመርቋል። ፎቶ ላከ፣ በጥቁር ካባ። ፑ ዳርካማ ስኳር ይዘው ቤቴ ገቡ። "እንኳን ደስ ያለሽ፣ የመጋቢ እናት!" ሻይ ቀዳሁላቸው። የራሴን አልጠጣሁም።

ጃንዋሪ 17
ደብዳቤ፣ ከተመደበበት መንደር። አጭር ነው። ሰዎቹ ደግ ናቸው፤ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ከዚያ፦
"ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የሦስት ቀን ልጅ ሞተባት። ለቅሶዋ እስከ እኔ ቤት ይሰማል። አልወጣሁም። ሽማግሌዎቹ አመሰገኑኝ። እንዳልሽው ነው እማ፤ አያስቸግርም።"
ጣቴ እዚያ ቃል ላይ ቀረ።

ጃንዋሪ 18
ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሩአቲ ዘንድ ወረድኩ። ሰባት ወር ዘግይቼ።
"ምን ፈለግሽ፣ የዙአላ እናት?"
"ልቀመጥ።"
"ለምን?"
"ለልጅሽ።"
ታባርረኛለች ብዬ ነበር። ብዙ ቆማ አየችኝ። ከዚያ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። እስከ ቀትር ተቀመጥን።
ስመለስ ለዙአላ ጻፍኩ። ብዙ ልጽፍ ነበር፤ እጄ አይፈጥንም። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ዛሬውኑ ወደ ሴትዮዋ ሂድ። ማንንም አታስፈቅድ።" ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ።
ፖስታ የሚወስደው ጂፕ ሐሙስ ነው የሚመጣው። ከዚያ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ...