ስድስተኛው ድንጋይ

ለወንድሜ ለቢላል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበትክ? ትከሻህን የሚያምህስ ቀለል አለህ? እዚህ ገሳይ ውርጩ እስከ ረፋድ አይለቅም፤ እዚያ ታች እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ግን ራት ስታቀርብ ያንተን ድርሻ ከድና ታስቀምጣለች።

የጂኦግራፊ መምህራችን ጋሽ ይሻው፣ እኛ የምንፈልጠው፣ ገደሉ ላይ የተነባበረው ድንጋይ የጉና ተራራ ሳይኖር የነበረ ሐይቅ ጭቃ ነው ይላሉ። አንተ ግን ሳትፈልጠው በፊት ሦስት ጊዜ አንኳኩተህ ጆሮህን ትለጥፍበት ነበር። "ሳያንኳኩ ሰው ቤት አይገባም" ትለኝ ነበር።

የቀብር መክደኛ ድንጋይ ሰው ሳይሞት አይፈለጥም። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድንጋይ ባለቤቱን ይጠራል ይላሉ አባባ። ይህን ደንብ ያስጣስኩህ እኔ ነኝ። ፈተና ላይ ስሆን የሚያግዝህ የለም፣ አሁኑኑ ጥቂት ፈልጠን እናስቀምጥ አልኩህ። አንተም ስቀህ፣ "ይሄ ተማሪ ሞትንም በፕሮግራም ሊያደርገው ነው" አልክ። ስድስት ፈለጥን። በአምስተኛው ቀን የተሳፈርክበት ባጃጅ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ።

አባባ ድንጋይ ከየት ይምጣ ሲሉ ወደ ገደሉ መራኋቸው። አምስቱ ልክህ ሆኑ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አልተረፈም። ስለ ስድስተኛው ማንም አልጠየቀኝም።

እዚያ ላሉት ለአያታችን ለኑሩ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባና እማ ሰላም ይሉሃል። እህታችን ነስሪን ከገደሉ ያመጣህላትን፣ የቅጠል ምልክት ያለበትን ያንን የድንጋይ ስባሪ አሁንም ትራሷ ሥር እንዳኖረች ናት፤ ንገርልኝ ብላኛለች።

ለቀስተኛው በተበተነ ማግስት፣ ያለ አንተ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት፣ መሮህንና መዶሻህን ይዤ ወጣሁ። ስድስተኛው ድንጋይ ገደሉን ተደግፎ ቆሟል። ዙሪያው በውርጭ ነጥቷል፤ እሱ ብቻ ደረቅ ነው፣ ሰው ተደግፎት ቆይቶ ገና አሁን የተነሳ ይመስል። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁና ጆሮዬን ለጠፍኩ። ድንጋዩ ዝም አለ። ከኋላው፣ ከገደሉ ሆድ ውስጥ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰልኝ፤ ሁለቱ ፈጠን፣ አንዱ ዘግየት ብሎ፣ ልክ እንደ አንተ አመታት። ይቅር በለኝ አልኩህ። ከዚያ መሮውን አሳረፍኩ። እጄ እስኪደማ፣ ገጽ ገጹን፣ እንደ ደብተር ወረቀት እስኪሳሳ ፈለጥኩት፤ ለእማም፣ ለነስሪንም፣ ለማንም መክደኛ እንዳይበቃ።

ወንድምህ አብዱልቃድር
ገሳይ፣ የካቲት 3 ቀን 2012 ዓ.ም.