ቀድሞ ያላበው መስኮት

ኅዳር 9 ቀን
ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሱቃችን

ለወንድሜ ለምድጃው፣

እንዴት ነህ? እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል የጠየቅሁህ እንዳይመስልህ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ፤ ግን እንዳትዘል። ደብዳቤን ከመጨረሻው ጀምረህ እንደምታነብ አውቃለሁ። ዛሬ እንኳ ለእኔ ስትል እንደ ሰው ከላይ ጀምር።

እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደተሳለ ነው። ብርዱ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ዘንድሮ ደረቅ ብርድ ነው፤ ዝናብ የለ፣ ጉም የለ፣ ዝም ብሎ አጥንት ድረስ ዘልቆ የሚገባ። ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ስይዘው ጣቴን ያቃጥለኛል። ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ ደረቱ ላይ ጋዜጣ ሸጉጦ ይመጣና ፀሐይዋ እስክትደርስለት ድረስ አንድ ጫማ አያነሣም። ደንበኞቻችንንም ታውቃቸዋለህ፤ ሙቀቱ ሳለ የተሰበረ መስኮታቸውን በካርቶን ደፍነው የከረሙት ሁሉ አሁን አንድ ላይ ነቅተው «ዛሬውኑ ካልሠራህልኝ» ይሉኛል። አንዱማ «ልጆቼ በብርድ አለቁ» ብሎ ተቆጣኝ፤ መስኮቱ ከተሰበረ ዓመት እንዳለፈው ራሱ አፉ አምልጦት ነገረኝ። አንተ ብትኖር ምን እንደምትለው ስለማውቅ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወንበርህ እዚያው ጥግ ናት። ደንበኛ ሊቀመጥባት ሲል «እግሯ የላላ ነው» እያልሁ እከለክላለሁ። እግሯ ደህና ነው። ካፖርቴም እንዳለች ናት፤ ኪሷ ተቀዶ ባለቤቴ ሰፍታዋለች። አሁንም የመንገዱ ሰው ሁሉ ስሜን ትቶ በእሷ ነው የሚጠራኝ፤ ያንተ ሥራ ነው።

ወደ አንተ ደብዳቤ ልምጣ። ዓርብ ደረሰኝ፣ ቆሜ ነው ያነበብሁት፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድሁ። «ካፖርት ሆይ፣ ዘንድሮስ ተበላህ። ዛሬ ጠዋት መስኮቴን አልቦት አገኘሁትና ያንን ድንች የሚያህል አፍንጫህን ሣልሁበት። ሻዩ ባንተ ነው» ይላል። ቀጥለህ ደግሞ ብርዱ ስለበረታብህ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበህ እንደምትተኛ ጽፈሃል። ማታ ራት ላይ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «ይህ ሰውዬ ቀደመኝ» ብዬ ስነጫነጭ፣ ባለቤቴ በምን እንደቀደምኸኝ ጠየቀችኝ። ለካስ ይህን ሁሉ ዘመን ጨዋታችንን ነግሬያት አላውቅም።

ስለዚህ እንደ አዲስ ማስረዳት ያዝሁ። ብርዱ ሲገባ የሱቃችንን መስታወት ከውስጥ በኩል የሚያልበው የመጀመሪያው ጠዋት እንዳለ፣ ከሁለታችን ቀድሞ ያየው በጣቱ የሌላውን መልክ እንደሚሥልበት፣ እኔ ያንተን ጆሮ፣ አንተ የእኔን አፍንጫ፣ የተቀደመውም ሻይ እንደሚጋብዝ ነገርኋት። አንተ ልጅህ ጋ ቆላ ከወረድህ በኋላ ደግሞ በደብዳቤ እንደቀጠልንበት፤ እኔ ስለ ውርጩ ስጽፍልህ አንተ እዚያ ጃንጥላ የሚያዘው ለፀሐይ እንደሆነ፣ በኅዳር ሰው ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥቶ እንደሚያድር ስትጽፍልኝ፣ እኔም ሁልጊዜ አሸናፊ እንደሆንሁ። አምና እንዲያውም «እዚህ የሚያልበው መስታወቱን ሳይሆን እኔን ነው፤ ውሰድ ሻይህን» ብለኸኝ ነበር።

«ሁለት ሽማግሌዎች» አለችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዳቦዋን እየቆረሰች፣ «ታዲያ እሱ ያለበት ዘንድሮ ምን ብርድ መጣ? ሬዲዮው እዚያ ሙቀቱ ሰው አላስተኛ አለ ሲል አልነበር?» አለችኝ።

«አጭበርብሮ ይሆናላ» አልሁ።

«እሱ?»

እውነቷን ነው። በፀጉር ስፋት የተሳሳተ መስታወት እንኳ ለሰው አስረክበህ የማታውቅ ሰው ነህ። ቢሆንም ያን ማታ ነገሩን ብዙም አላሰብሁበትም። ቅዳሜ ጠዋት ለጫማ ጠጋኙ «ምድጃው እኮ በረደው» ብዬ ነገርሁትና ሁለታችንም ሳቅን። ውርጭ በወረደበት ጠዋት እጅጌውን ጠቅልሎ የሚሠራ ሰው፣ እኔ የመስታወት መቁረጫውን አልማዝ ከማንሣቴ በፊት የደነዘዙ ጣቶቼን አንገቱ ሥር ከትቼ የማሞቅበት ሰው፣ በዚያ ቆላ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበ ብለን። ጣቶቼ ሲነኩህ እንዴት ትጮህ እንደነበር ጫማ ጠጋኙ ራሱ እየጮኸ አሳየኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አንዲት ልብስ ሰፊ መጥታ የመኝታ ቤት መስኮቷ ተሰንጥቆ ነፋስ እንደሚያስገባ ነገረችኝ። ሜትሬን ይዤ ተከተልኋት። ሳሎኗ ስገባ መስኮቱ ጥርት ያለ ነው፤ ማዶ ያለው ቤት ጣሪያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መኝታ ቤቱን ስትከፍትልኝ ግን መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ረጥቦ ውሃው ወደ ክፈፉ ይወርዳል። ያው ቤት፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ፀሐይ ነው። አልጋው አጠገብ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ድስት ተጥዶ ይንፈቀፈቃል። አልጋው ላይ እናቷ ብርድ ልብስ ተደራርቦላቸው ተጋድመዋል።

«ደረቷ ታፍኖባት ነው» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ። «እንፋሎቱ ትንሽ ሲያስተነፍሳት ጊዜ ድስቱን ከአጠገቧ አላነሣነውም።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። «ብርዱ በርትቷል አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ። ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል፤ እኔን ካፖርቴ ውስጥ ላብ አጥምቆኛል። የእሳቸው ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

ሜትሩ ከእጄ አምልጦ ተጠቀለለ። ቁመቱን ለክቼ ነበር፣ ጠፋብኝ። እንደገና ለካሁ፣ እንደገና ጠፋብኝ። ልብስ ሰፊዋ ያመመኝ መስሏት ወንበር አቀረበችልኝ፤ እኔም ተቀመጥሁ።

መስታወትን የሚያልበው ወይ ውጭው ሲቀዘቅዝ ነው፣ ወይ ውስጡ ሲታጠን። ይህን ያስተማርኸኝ አንተው ነህ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ገና መጥረጊያ ይዤ ስዞር። ያንተ ውጭ ደግሞ አልቀዘቀዘም። አየህ ስህተትህን? ሕመምህን እንዳላውቅብህ ስንት ስትጠነቀቅ ከርመህ፣ ጨዋታውን ማሸነፍ አማረህ። ከመስታወት ቆራጭ በቀር ለማንም ብትጽፈው ኖሮ ሳይነቃብህ ያልፍልህ ነበር።

እዚያው ልብስ ሰፊዋ ደጅ ቆሜ ስልክ ደወልሁ። አንተ ጋ አይደለም። የመስታወት ማለስለሻው ማሽን ጆሮህን ከወሰደው ወዲህ አንተ ጋ መደወል ከግድግዳ ጋር ማውራት ነው። ለልጅህ ነው የደወልሁት።

«አባባ ደህና ነው፣ ጋሼ» አለችኝ፣ ገና ምንም ሳልጠይቃት።

«ድስቱ የት ነው ያለው?» አልኋት።

«የምን ድስት?»

«ውሃ የምታፈሉለት ድስት። አልጋው አጠገብ ነው ወይስ መስኮቱ ሥር?»

ስታለቅስ ሰማኋት። «መስኮቱ ሥር» አለችኝ። «እንዳትነግሪው ብሎ አስምሎኝ ነው፣ ጋሼ። መኪና ሲሳፈር የሚያስመልሰው ሰው በዚህ ዕድሜው ተነሥቶ ይመጣል ብሎ ነው።»

አደራ እንዳትቆጣት። ምስጢርህን እሷ አላወጣችብህም፤ አንተ ራስህ ጽፈህ ልከህልኝ ነው ያነበብሁት። የቀረውን ግን ጠይቄ ጨረስሁ። ሳንባህ ውሃ መቋጠሩን፣ ሐኪሙ ሆስፒታል ገብተህ ውሃው እንዲቀዳልህ ማዘዙን፣ ቶሎ ከሆነ እንደምትድን፣ ከዘገየህ ግን እሱም እንደሚፈራ ነገረችኝ። አንተ ደግሞ «ብርዱ ይለፍና» ብለሃታል።

የትኛው ብርድ ነው የሚያልፈው? እዚያ እኮ ብርድ የለም።

እምቢ ያልህበትን ምክንያት የማላውቀው እንዳይመስልህ። ባለቤትህ እዚህ በሆስፒታል በር ገብታ አልወጣችም፤ ኮሪደሩ ላይ አብሬህ ተቀምጬ ነበር። ስለዚህ «ምን ያስፈራሃል» አልልህም። ፍራ። እኔም ከቅዳሜ ጀምሮ እንደ ልጅ ፈርቻለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ አንድ ጥሩ መስታወት አጣምሜ ቆርጬ አበላሽቻለሁ። ባለቤት አለችኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ጫማ ጠጋኙም አለልኝ፤ ወዳጅ ግን አንተ ነህ። አንተ ከሌለህ ደግሞ ብርድ ገባ አልገባ ለማን ነው የምጽፈው?

እንግዲህ ስማኝ። ሐሙስ ተሳፍሬ እመጣለሁ። ዛሬ ያልተነሣሁት የአሮጊቷን መስታወት ነገ መግጠም ስላለብኝ ነው፤ እሳቸውን በተሰነጠቀ መስኮት ጥዬ ብመጣ አንተው ከደጅ ትመልሰኛለህ። ዓርብ ጠዋት ሦስታችንም፣ እኔ፣ አንተና ልጅህ፣ ወደ ሆስፒታሉ እንሄዳለን። በዚያ በር ስትገባ ክንድህን የምይዘው እኔ ነኝ። ኮሪደር ላይ መጠበቅንም ለምጄዋለሁ፤ እስክትወጣ ድረስ እቀመጣለሁ።

ሱቁን እዘጋዋለሁ። በብርድ መግቢያ ሱቃችን ተዘግቶ እንደማያውቅ ታውቃለህ። ለጫማ ጠጋኙ ስነግረው ደንግጦ «ማን ሞተ?» አለኝ። «ማንም አይሞትም» አልሁት፣ ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ። ደንበኞች ይቆጡ፤ ዓመት ሙሉ ካርቶን የቻለ ሰው ሁለት ሳምንት አያቅተውም።

ባለቤቴ ገና ሳልጠይቃት ሻንጣዬን አውጥታ አራገፈችው። ለመኪናው ብላ ሎሚና ፌስታል ከላይ አድርጋልኛለች፤ ፌስታሉ ብዙ ነው፣ ታውቀኛለች። ያለችኝም ይህን ብቻ ነው፦ «ሐኪም እጅ ሳታስገባው እንዳትመለስብኝ።» እኔም እሷን ከማስቀይም አንተን ባስቀይም ይሻለኛል።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ በሚወርደው ሾፌር እጅ አስቀድሜ የምልከው፣ ድንገት ብደርስብህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ እንደምታኮርፍ ስለማውቅ ነው። እስከ ሐሙስ ጊዜ አለህ፤ አኩርፈህ ጨርስ። ልጅህም ፒጃማህን እጥብ አድርጋ ትጠብቀን።

ትናንት ጠዋት ሱቁን ስከፍት መስታወታችንን አልቦት አገኘሁት። ጆሮህን ሣልሁበት፣ ሁለቱንም፣ እንደ ድሮው አስፍቼ። የመጀመሪያው ደንበኛ ገብቶ «ይህ ደግሞ ማን ነው?» ቢለኝ «ሸሪኬ ነው፣ ለጊዜው ወጣ ብሏል» አልሁት። እንግዲህ በቀን ከተቆጠረ ቀድመኸኛል። በድስት ታግዘህ ቢሆንም መስታወቱን አልቦታል፤ አልከራከርህም። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ሻይ ቤት እንዳለ ልጅህን ጠይቄያታለሁ፣ አለ ብላኛለች። የተሸነፍሁትን ሻይ እዚያ ነው የምጋብዝህ፣ የምትወጣ ዕለት፣ በእግርህ ሄደህ።

ፈጣሪ ትንፋሽህን ያቅልልህ፤ እስክደርስ ድረስ ሌሊቱን ያሳጥርልህ። ድስቱን የምትጥድልህን ልጅህን ደግሞ ክፉ አያሳያት።

ወንድምህ
ካፖርት

ልረሳው ነበር፤ ካፖርቴን ለብሻት ነው የምመጣው። በዚያ ሙቀት ያየኝ ሁሉ ይሳቅብኝ፤ ለአንተ ናት፣ ትደርባታለህ። ጣቶቼንም በመጀመሪያ ኪሷ ውስጥ አሙቄ ነው አንገትህን የማቅፈው። ልጅህ መስኮቱን ልትወለውል ብትነሣ ግን አፍንጫዬን እንዳታጠፋው ንገራት። ባለቤቱ እየመጣ ነው።