ለግራ ጉንጬ የሰጠሽኝ ቅባት

ውድ እትዬ ውብአየሁ፣

እንደምን ከርመሻል? ተከራይተሽው የነበረው ክፍል ሰው አልገባበትም፤ እናቴ ድንች ታስቀምጥበታለች። እኔ ግን በበሩ ሳልፍ አሁንም ቀስ ብዬ ነው የምራመደው፣ የምታነቢ እየመሰለኝ።

ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥሁ ወዲህ ለቁም ነገር የፈለገኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ብጉሬን በነጠላ ሸፍኜ ድንች ስሸጥ አይተሽ "ነይ፣ አንቺም ለዩኒቨርሲቲ ከምሠራው የብጉር ጥናት ግቢ" አልሽኝ። እናቴ ፈረመች። ሁለት ትንንሽ ብልቃጥ ሰጠሽኝ፤ ባለ ነጭ ክዳኑ ለግራ ጉንጭ፣ ባለ ቀዩ ለቀኝ። መድኃኒቱ አንድ ቢሆንም በአንደኛው ውስጥ ዓይን በማያያት ቅንጣት ተጠቅልሏል አልሽኝ።

"ናኖ ይባላል። ቅንጣቷ በፀጉሩ ቀዳዳ ገብታ ብጉሩ ሥር ትቀመጥና መድኃኒቱን ቀስ እያለች ትለቃለች። ቆዳሽን አታቃጥልም።"

የትኛው ብልቃጥ እንደሆነ አንቺም አታውቂም ነበር። ሞልቶ ቁጥር የጻፈባቸው እጮኛሽ ጋሼ ፀጋው ብቻ ነበር የሚያውቀው።

በአምስተኛው ሳምንት ግራዬ ጠራ። ቀኜ ግን እንደቀላ፣ እንዳበጠ ቀረ። ገበያ ላይ ሸጋ የምትባለው ደንበኛዬ ድንች እየመረጠች "አንቺ፣ በየትኛው ፊትሽ ነው የምንዋዋለው? በደኅናው ከሆነ ቀንሽልኝ" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስገባ ለግራ የሚበቃውን ነጩን ቅባት ለሁለት ጉንጭ አካፈልሁት። ብልቃጦቹን ስትመዝኚ እንዳታውቂብኝ ደግሞ ከቀዩ በየቀኑ እየዛቅሁ ጓሮ ቀበርሁ።

ብጉሬን ስትቆጥሪ ሁለቱም ጉንጬ እኩል ድኗል። ደነገጥሽ።

"ቀላቅለሻል እንዴ?"

"ኧረ አልቀላቀልሁም።"

"የኔ ሆድ፣ ብትቀላቅዪም አልቆጣሽም። ስምሽን ከዝርዝሩ አወጣና በቃ።"

"ማርያምን አልቀላቀልሁም!"

"አትማዪ። ሳትምዪም አምንሻለሁ።"

በናንተ ቤተ ክርስቲያን መሐላ አይወደድም። እኔ ግን አንዴ በማርያም ምያለሁና ቃሌን ማጠፍ ፈራሁ። እውነቱን መናገር ከመዋሸት የባሰ ኃጢአት መሰለኝ።

እኔን ስላመንሽ ጋሼ ፀጋውን ተጠራጠርሽ። በግድግዳው በኩል እሰማችሁ ነበር።

"ቁጥሩን አሳስተሃል።"

"ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ውቤ።"

"ታዲያ ልጅቷ ናት የዋሸችኝ?"

"ከእኔ እሷን ታምኛለሽ?"

እኔ ከግድግዳው ወዲህ ብርድ ልብሴን ተከናነብሁ። ከዚያ በኋላ ጥናቱ ውስጥ የነበርነውን የአሥራ ሁለታችንንም ብልቃጥ ማመን አቃተሽ። በወሩ ጥናቱን ጣልሽ፣ ቀለበቱን መለስሽለት፣ ወደ ሀዋሳ ሄድሽ። ስትሰናበቺኝ ጉንጬን ስመሽ "እንኳን አንቺ ዳንሽልኝ" አልሽኝ። እትዬ፣ ያን ቀን ብትመቺኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓመት ሙሉ ይዤው ቆየሁ። በዚህ ጾም ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። "ስግደቱን ለእግዜር፤ እውነቱን ለባለቤቱ" አሉኝ።

ነጠላዬን ሳልከናነብ ዩኒቨርሲቲው በር ሄጄ ጋሼ ፀጋውን አስጠራሁት። ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት።

"ነጩ ናኖው ነበር" አለኝ። "ውቤ ልክ ነበረች። ጻፊላት።" ከዚያ ፊቱን አዞረ። "ባለፈው ጥር ማግባቴንም አብረሽ ጻፊላት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።"

ይኸው ጻፍሁልሽ።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም። ይህን ወረቀት ግን ለመምህሮችሽ አሳዪ፣ ስሜንም አትደብቂ። በአፏ ትናገር ካሉ ሀዋሳ ድረስ መጥቼ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ጋሼ ፀጋውን ግን ልመልስልሽ አልችልም።

የበደለችሽ እህትሽ፣
የምሥራች
ከእንጅባራ