በሩ ፊት ያለችው ጣውላ

ወንድሜ ሚፍታህ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ ከሚሴ ያለነው አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በጎረቤታችን ልጅ በሳዲያ እጅ ልኬልሃለሁ፤ ጅዳ ስትገባ አንተን የሚያውቅ ሰው አፈላልጋ ትሰጣለች።

ክረምት ሊገባ ስለሆነ የበረንዳችንን ጣውላ ምስጥ እንዳይበላው ከጋራዥ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት። አባዬ ግን ጫማህን ለማውለቅ የምትቀመጥባትን፣ በሩ ፊት ያለችውን ጣውላ ዘንድሮም አላስነካኝም። «ድንገት ቢመጣ ልብሱ ይበላሻል» ይላል። «ዘይቱ እኮ በሳምንት ይደርቃል!» ብዬ ብቆጣም አልሰማኝም።

ዓርብ ዕለት ስረግጣት ተሰበረች፤ ውስጧን ምስጥ ጨርሶታል። አባዬ ከጁምዓ ሶላት ሳይመለስ በአዲስ ጣውላ ቀየርኳት። ዘይቱ ተርፎ ነበር፤ አዲሷን ግን እኔም አልቀባኋትም።

አላህ ከደጃችን በሰላም ያድርስህ።

እህትህ ሁዳ