የበዛብህ ቀኝ እግር

ጥቅምት 4 ቀን 2009

ዝናብ። ባሌ በዛብህ ከቡና መጋዘኑ አምሽቶ ገባ፤ እንደ ሁልጊዜው እግሩን አጠብኩለት። ግራው ደህና፣ ቀኙ በረዶ። “ያምሃል?” ስለው “ዝም ብለሽ እጠቢ!” አለና ሳፋውን ደፋብኝ። ከበር እስከ ባጃጅ እንኳ ባቱን ይዞ እየቆመ ነው የሚሄደው። እኔን ለመርገጥ ግን ደክሞት አያውቅም... ባለፈው ሳምንት የረገጠኝ ጎኔ አሁንም ስተነፍስ ይወጋኛል።

ጥቅምት 9

“ፍም አቅርቢልኝ፣ እግሬን ላሙቀው” አለ። አቀረብኩ። በእኛ አገር እግር ሲቀዘቅዝ ሌላ ምን ይደረጋል? እሱ ያወራል፣ እኔ ጎመን እከትፋለሁ... ሽታው ነው የነገረን። ተረከዙ ተቃጥሎ ቆዳው ተልጧል፣ አልተሰማውም! “አቃጠልሽኝ!” ብሎ በዚያው በተቃጠለው እግር አፌን አለኝ። ደሜን ስተፋ አመሸሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያ እግር ቢቆረጥ ብዬ ተመኘሁ።

ጥቅምት 23

ቁስሉ ጠቆረ። የከተማችን የሚዛን ሐኪም “የደም ሥሩ ተዘግቷል፤ ቶሎ አዲስ አበባ ካልሄደ ይቆረጣል” አለ። በዛብህ አለቀሰ። እኔም ሞኟ አብሬው አለቀስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 1፣ አዲስ አበባ

ዶክተር ሚካኤል ልጅ እግር ነው፣ ረጋ ብሎ ያስረዳል። መንገዱ ሁለት ነው አለን። አንዱ መድኃኒት የተቀባ የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንት ይሉታል፤ ሥሩ ውስጥ ይቀርና መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይለቃል። ሌላው ፊኛ ነው። ገብቶ ይነፋል፣ የተቀባውን መድኃኒት ግድግዳው ላይ ትቶ ይወጣል።

በዛብህ ጠረጴዛውን መታ። “ብረቱ ይግባልኝ! ፊኛ የልጅ መጫወቻ ነው!”

“ብረትም ይሰበራል፣ ጋሼ። የእርስዎ የተዘጋው ከጉልበት ኋላ ነው፣ ሲታጠፍ ሲዘረጋ የሚውል ቦታ። ብረት የምናስገባው ፊኛው ብቻውን ካልከፈተው ነው።”

“የትኛው ነው ቶሎ ተመልሶ የሚዘጋው?” አልኩ። ለምን ጠየቅሁ? ዶክተሩ ያዘንኩለት መሰለው። “ገና እየተጠና ነው፣ እናቴ። እስካሁን ያን ያህል አይበላለጡም” አለኝ።

“ቢራገጥበትስ... ብረቱ ይሰበራል?”

ሳቀ። “ኳስ ይጫወታሉ እንዴ?”

በዛብህ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን መዘለገኝ። ማታ ሳየው ደም ቋጥሯል።

ኅዳር 3

ፊኛው በቃ፤ ብረት አላስፈለገም። ዶክተሩ ጣቶቼን በበዛብህ እግር ጀርባ ላይ አስቀመጣቸው። “ትርታው ይሰማዎታል? በየጠዋቱ ይዳብሱት። የጠፋ ቀን ፈጥነው ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ሲጋራ ደግሞ ክልክል ነው!” ትር ትር ይላል... ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። በዛብህም “እታገኝ፣ አንቺ ባትኖሪ...” አለኝ። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ታኅሣሥ 18፣ ሚዛን

ቁስሉ ደረቀ። ገበያ ድረስ ሳያርፍ ሄደ። ልብሱ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል።

ጥር 6

ጠዋት እግሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ትርታውን እየዳበስኩ “ሲጋራው መልሶ ይዘጋዋል” አልኩት። ይኸው ነው ያልኩት! በዚያው ጭኔ ላይ በነበረው እግሩ ደረቴን መታኝ። ስወድቅ ተነሥቶ ፊቴን ደጋገመው። ጥርሴ ወለቀ። ጎረቤቴ ተሾመች በሩን ገንጥላ ባትገባ ይገድለኝ ነበር። እግሩ ይሞቃል፤ በጉንጬ ነው ያወቅሁት። ወጪት ሰባሪ! እኔ ነኝ እኮ ያተረፍኩለት።

ጥር 9፣ ጌጫ

እህቴ ውድነሽ ቤት ነኝ። ወንጌል ቢያነቡልኝም አልመለስም። ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን።

ዛሬ ደወለ። ድምፁ ቀጥኗል። “እታገኝ፣ እግሬ ቀዘቀዘ። ትርታው የት ጋ ነበር? ነይና ፈልጊልኝ...”

“አልመጣም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ።”

“እሺ፣ የት ጋ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ!”

“እግርህ ጀርባ ላይ፣ በአውራ ጣትህ አቅጣጫ። ጎንበስ በልና ራስህ ፈልገው።”

እያቃሰተ ሲጎነበስ በስልኩ ሰማሁት። በትዳራችን እኔ አዝዤ እሱ ሲታዘዝ ይህ የመጀመሪያው ነው።